የተጎዳ ሯጭ ወደ ውድድር የሚመለስበት ልክ



ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር በሚያልፈው በዚህ በደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በአስፋልቱ ዳርና በእርሻው ድንበር የሚሮጡትን ወጣቶች ያላየ የከተማችን ነዋሪ አይገኝም፤ ነገር ግን ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ሳምንት ወይም ወር ከዐይን ሲጠፋ፣ «ባቱን ነው»፣ «ቁርጭምጭሚቷን ነው» ተብሎ ከመነገሩ በቀር፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በሰውነቱ ላይ የሚሆነው ምን እንደ ሆነ፣ የሚመለስበትንም ቀን ማን በምን ልክ እንደሚወስነው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን።

የተጎዳ ስፖርተኛ «መቼ ልሩጥ?» ብሎ ሲጠይቅ በልማድ ሦስት ምስክሮች ይቆሙለታል፤ እነርሱም የቀን መቁጠሪያው፣ የሕመሙ መጥፋትና የአሠልጣኙ ሰዓት ናቸው። ሦስቱም ሐሰተኞች ናቸው አልልም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር እየመሰከሩ ስለ ተጎዳው አካል የመሰከሩ ስለሚመስሉ፣ ፍርዱ በእነርሱ ቃል ብቻ ሲሰጥ ይዛባል። የተጎዳው አካል ራሱ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል ሳይለካ፣ ያም ልክ ሯጩ ጤነኛ ሳለ ከነበረውና ውድድሩ ከሚጠይቀው ጋር ሳይመዛዘን፣ «ድነሃል፣ ሂድ» ማለት ተገቢ እንዳልሆነ ነው ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው።

ምሳሌውን ከአበበ ቢቂላ ልጀምር። በ1957 ዓ.ም. መባቻ፣ የቶኪዮው ማራቶን ሊደርስ አርባ ቀን ያህል ሲቀረው፣ አበበ ትርፍ አንጀቱ ታሞበት በቀዶ ጥገና ወጣለት፤ ይህን የሰማ ሁሉ ተስፋ በቈረጠበት ሰዓት እርሱ ወደ ጃፓን ተሻግሮ፣ ጥቅምት 11 ቀን 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ፈጽሞ የዓለምን ፈጣን ሰዓት አሻሻለ፤ የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ፤ ከገባም በኋላ እንደ ደከመ ሰው ከመውደቅ ይልቅ በሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ሕዝባችን ከዚህ የቀሰመው ትምህርት «ጀግና በልቡ ይድናል» የሚል ነበር። ዳሩ ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ ያው አበበ የእግሩ አጥንት ተጎድቶ ሳለ ተሰልፎ 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋርጦ ወጣ፤ ድሉንም ማሞ ወልዴ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ለአገሩ አስቀረ።

በሁለቱ ዓመታት መካከል የልቡ ድፍረት አልተለወጠም፤ አሠልጣኙም ያው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነበሩ፤ የሜክሲኮ ከተማ ከፍታም ከዚህ ከቆምንበት ስፍራ ያነሰ ስለ ሆነ ለእርሱ እንግዳ አልነበረም። የተለወጠው የተጎዳው አካል ነው። የሆድ ቁስል ሲሽር ሯጩን የሚሸከሙት አጥንቶችና ጅማቶች ሳይነኩ ይቈያሉ፤ የእግር አጥንት ጉዳት ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የሯጩን ክብደት ደጋግሞ የሚቀበለውን ምሰሶ ራሱን የሚመለከት ነው። ስለዚህ በቶኪዮ የሠራው የአርባ ቀን ስሌት ለሜክሲኮ ሕግ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የቀን መቁጠሪያ የመጀመሪያው ደካማ ምስክር መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ የሰውነት ክፍሎች የሚድኑበት ፍጥነት እርስ በርሱ እንደማይመሳሰል ልብ ማለት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በዳላስ ከተማ ሐኪሞች ዕድሜያቸው 20 ዓመት የሆኑ አምስት ጤነኛ ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይነሡ አቈይተው ቢመረምሯቸው፣ ሰውነታቸው ኦክሲጅን ተቀብሎ የሚሠራበት ከፍተኛ ዐቅም ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ፤ ነገር ግን እነዚሁ ወጣቶች ስምንት ሳምንት ያህል ልምምድ ሲያደርጉ የቀድሞውን መልሰው እንዲያውም አልፈው ሄዱ። ልብና ሳንባ ቶሎ ይከስራሉ፣ ቶሎም ይክሳሉ ማለት ነው። ጅማት ግን እንዲህ አይደለም፤ ደም በብዛት ስለማይዘዋወርበት የሚታደሰው በወራት እንጂ በሳምንታት አይደለም። ከዚህ የሚከተለው ነገር በተለይ ለእኛ ለደጋ ሰዎች አሳሳቢ ነው፤ በስስ አየር ያደገ ሯጭ፣ ባቱ ወይም የተረከዙ ጅማት ገና ሳይጠና፣ ትንፋሹ ቀድሞ ይመለስለትና ዳገቱን ሲወጣ ቀላል ሆኖ ያገኘዋል፤ አሠልጣኙም በሰዓቱ ሲለካው ጥሩ ደቂቃ ስለሚያይ ደስ ይለዋል፤ ሰዓቱ የለካው ግን ልቡንና ሳንባውን ነው።

ከተረከዝ በላይ ያለው፣ አኪሊስ የተባለው ወፍራም ጅማት በሩጫ ጊዜ በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውየው ክብደት ከ6 እስከ 8 እጥፍ የሚገመት ኀይል ይሸከማል፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሯጭ በደቂቃ 180 ጊዜ ቢረግጥ፣ በአርባ ደቂቃ የጧት ሩጫ አንደኛው እግር ብቻ 3,600 ጊዜ ከ360 ኪሎ ያላነሰ ሸክም ተቀበለ ማለት ነው። በዚህ ጅማት የተፈተኑት የኛው ታላላቆች ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በሴኮንድ ዘጠኝ መቶኛ ብቻ ቀድሞ ሲያሸንፍ ይኸው ጅማት ያመው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በቀዶ ጥገና ታከመና፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ያለ አንዳች መለማመጃ ውድድር በቀጥታ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ተሰልፎ በ10,000 ሜትር ሦስተኛ ወጣ። ከአንደኛው የለየው ከሁለት ሴኮንድ ያነሰ ነው፤ ያም የጠፋው በመጨረሻው ሽቅድድም ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ 24 ዙር ከመሪዎቹ ጋር የሮጠ ሰው ትንፋሽ አጥሮት ነበር ሊባል አይችልም፤ የጐደለው የባትና የጅማት ፍንጠራ፣ ይኸውም ከሁሉ ዘግይቶ የሚመለሰው ኀይል ሳይሆን አይቀርም። በመስከረም 1994 ዓ.ም. ግን በብሪስቶል የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆነ።

የቀነኒሳ በቀለ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። በ2002 ዓ.ም. ባቱን ተጎድቶ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ከራቀ በኋላ፣ ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ተሰልፎ ሳይጨርስ ወጣ፤ «አበቃለት» የሚለው ወሬ ገና ሳይበርድ መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም. በብራሰልስ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43.16 ሴኮንድ ፈጽሞ አሸነፈ። በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ ጡንቻው አዲስ ሆኖ ተፈጠረ ለማለት አይቻልም፤ ዴጉ ላይ ያየነው የድኅነቱ መጨረሻ ሳይሆን መካከሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ውድድር ሲበላሽ ሯጩን ወደ መቃብር ማውረድ፣ ሲሳካም ፈጽሞ ድኗል ብሎ ማወጅ፣ ሁለቱም ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ስሕተቶች ናቸው። በኋላም የአኪሊስ ጅማቱ አስቸግሮት በ2007 ዓ.ም. የዱባይን ማራቶን ካቋረጠ በኋላ፣ በ2009 መስከረም በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ፣ በ2012 መስከረምም በዚያው ከተማ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ሮጠ። ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ በጉዳት 16 ወር ያህል ከውድድር ርቃ በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በማድሪድ ጐዳና ሩጫ ተመለሰች፤ ሰባት ወር ቈይታም የለንደን ኦሎምፒክን የ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች።

ስለ ሕመም ደግሞ ልናገር። ሕመም ከጠፋ ጉዳቱ ድኗል፣ ሕመም ካለ ጉዳቱ አልዳነም የሚለው አስተሳሰብ ለሁሉ አካል እኩል አይሠራም። በስዊድን የጎተንበርግ ተመራማሪዎች የአኪሊስ ጅማታቸውን የታመሙ ሰዎችን ሕመማቸውን ከ0 እስከ 10 እያስቈጠሩ ሲያሠለጥኗቸው፣ ሕመሙ ከ5 እስካላለፈ፣ በማግሥቱ ጧትም እስከ በረደ፣ ከሳምንት ወደ ሳምንትም እስካልጨመረ ድረስ እየሮጡ መታከማቸው እንዳልጎዳቸው አስረድተዋል። የአጥንት ጉዳት ግን ሌላ ሥርዐት አለው፤ ቅልጥም ላይ በአንድ ጣት ሲጫኑት ነጥሎ የሚያም፣ በአንድ እግር ሲዘልሉም የሚነዝር ሕመም፣ ትንሽ ቢሆን እንኳ «ቁም» የሚል ቃል ነው፤ ይህም በጭን አጥንት አንገት ላይ ከሆነ ነገሩ ከሩጫ ጉዳይ አልፎ የሆስፒታል ጉዳይ ይሆናል። በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሳምንት በምናስበው በመጻጉዕ ሰንበት፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ድውይ በአንዲት ቃል ተነሥቶ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ እንሰማለን፤ በተአምር የዳነ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሸክም መሸከሙ አያስገርምም፤ በተፈጥሮ ሥርዐት የሚድን ሰው ግን አልጋውን ከመሸከሙ በፊት ትራሱን፣ ከትራሱም በፊት የገዛ ራሱን ክብደት መሸከም መቻሉ ይፈተሻል።

የአገራችን ወጌሻ በዚህ ነገር ስሙ ሳይነሣ ሊቀር አይገባም። በገና ጨዋታ ሜዳ ላይ በሩር የተመታውን ቅልጥም፣ በበሬ የተረገጠውን እግር፣ ከፈረስ የወደቀውን ትከሻ ሲያሽ የኖረ እርሱ ነው፤ የኳስ ቡድኖቻችንም እስከ ዛሬ ወጌሻቸውን ይዘው ይጓዛሉ። ጣቶቹ የሚያውቁትን ነገር የናቀ ሐኪም ተሳስቷል እላለሁ። ይሁን እንጂ በቀርከሃ ስንጥር አጥብቆ ያሰረው እግር ደም አጥቶ እስከ መቈረጥ የደረሰበት አጋጣሚ በሆስፒታሎቻችን ደጋግሞ የታየ ነው፤ የወጌሻው ሁለተኛ ጉድለት ደግሞ የሚያውቀውን በጽሑፍ አለማኖሩ ነው። ዛሬ ያሸው ባት ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ያህል ይችል እንደ ነበር ቢጠየቅ የሚመልሰው በትዝታ ነው፤ ትዝታ ደግሞ ለተስፋ ያደላል።

እንግዲህ ልኬቱ እንዴት ነው? ለዚህ የግድ በብዙ ገንዘብ የሚገዛ መሣሪያ አያስፈልግም። ስለ ባትና ስለ ተረከዝ ጅማት ለማወቅ ሯጩ ጫማውን አውልቆ በአንድ እግሩ በደረጃ ጠርዝ ላይ ይቁም፤ ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል ብቻ ሁለት ጣቶቹን ግድግዳ ያስነካ፤ ጉልበቱን ሳያጥፍ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ጊዜ በጣቶቹ ላይ ይነሣ፣ ይውረድም። ቈጣሪው ከጐኑ ተቀምጦ፣ ተረከዙ በመጀመሪያው ጊዜ የደረሰበትን ከፍታ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ያሰምር። ጤነኛ ሰው 25 ጊዜ ያህል ይነሣል፤ ሯጭ ከዚህም ያልፋል። ዋናው ነገር ግን ቍጥሩ ብቻ አይደለም፤ ጅማቱ ያልጠና ሰው ሃያም ሠላሳም ሊቈጥር ይችላል፣ ነገር ግን ከዐሥረኛው በኋላ ተረከዙ ከመስመሩ ጣት፣ ሁለት ጣት እየወረደ ይመጣል፣ ጉልበቱም ሳያውቀው ማጠፍ ይጀምራል፣ የግድግዳው ጣቶችም መግፋት ይጀምራሉ። ከመስመሩ ያልደረሰውን መቍጠር ራስን ማታለል ነው።

ቁርጭምጭሚትን ለመለካት ደግሞ እግሩን ከግድግዳ ፊት ለፊት አድርጎ፣ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሣ ጉልበቱን ግድግዳ ያስነካ፤ መንካት እስኪሳነው ድረስ እግሩን ወደ ኋላ እየሳበ፣ ከአውራ ጣቱ እስከ ግድግዳው ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ የሁለቱ እግሮች ልዩነት ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወይም ካለፈ የተጠማዘዘው ቁርጭምጭሚት ገና አልተፈታም። ጉልበቱን የተጎዳ ደግሞ በአንድ እግሩ ወደ ፊት ዘልሎ በዚያው እግሩ ሳይንገዳገድ ይቁም፤ ርቀቱ በሜትር ይለካና በጤነኛው እግር ከተገኘው ጋር ይነጻጸራል፤ በብዙ አገር ያለው ልማድ ከመቶ ዘጠና ያላነሰ እንዲሆን ይጠይቃል።

ይህ የዘጠና በመቶ ሕግ ጠንካራ ማስረጃ አለው። በኖርዌይና በአሜሪካ ሊቃውንት በኅብረት ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመው ምርምር፣ የጉልበታቸው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ከተጠገነላቸው ስፖርተኞች መካከል፣ የኀይልና የዝላይ ፈተናዎቹን ሳያልፉ ከተመለሱት ከመቶ 38 የሚሆኑት ጉልበታቸውን እንደ ገና ሲጎዱ፣ አልፈው ከተመለሱት ግን እንደ ገና የተጎዱት ከመቶ 6 እንኳ አልሞሉም፤ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስም መመለሱ በአንድ ወር በዘገየ ቍጥር አደጋው በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። እዚህ ላይ የቀን መቁጠሪያው ምስክርነት ከልኬቱ ጋር ሲተባበር ዋጋ ያገኛል፤ ብቻውን ሲቆም ነው የሚደክመው።

ነገር ግን ሕጉ አንድ የተሰወረ ጉድለት አለው፤ እኔም የዛሬውን ንግግሬን ያለ ዋዛ የምመዝነው በዚህ ነጥብ ነው። የተጎዳው እግር ሲያርፍ ጤነኛውም አብሮ ያርፋል፣ አብሮም ይደክማል። ስለዚህ ስድስት ወር ከቤት የዋለ ሯጭ ቀኝና ግራው እኩል ሆኖ ቢገኝ፣ የሁለት ደካሞችን መተካከል አይተን «ድኗል» እንላለን። እውነተኛው ሚዛን ሰውየው ጤነኛ ሳለ የተለካው የገዛ ራሱ ልክ ነው፤ ያንን ደግሞ ከተጎዳ በኋላ ማግኘት አይቻልም። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ልጆቹ ለአዲሱ ዓመት ውድድር መሰናዳት ሲጀምሩ፣ በመስከረም የእያንዳንዱ ሯጭ የተረከዝ ቍጥር፣ የቁርጭምጭሚት ሴንቲ ሜትር፣ የዝላይ ርቀትና ክብደት በደብተር ቢጻፍ፣ ሥራው ለሠላሳ ልጆች ከአንድ ቅዳሜ ጧት አያልፍም።

በደብተሩ ውስጥ ስለ ማዕድም አንድ መስመር ሊኖር ይገባል። ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው የሊቃውንት መግለጫ እንደ ተብራራው፣ ከሚያቃጥለው ያነሰ የሚመገብ ስፖርተኛ አጥንቱ ይሳሳል፣ የተሰነጠቀውም ቶሎ አይገጥምም፤ በሴቶችም የወር አበባ ለወራት መቅረት የዚህ ጉልህ ምልክት ነው እንጂ የብርታት ምልክት አይደለም። ይህን የምለው 55 ቀኑን ዐቢይ ጾም ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ፤ የሚጾም ሯጭ ከጾሙ ሰዓት በኋላ በሽሮ፣ በንፍሮና በቆሎ መልክ የሚበላው ሽምብራና ባቄላ እንደ ልምምዱ መጠን ይሁን፣ የአጥንት ጉዳት ላይ ያለውም የንስሐ አባቱንና ሐኪሙን በአንድነት ያማክር ለማለት ነው።

ኅሊናም ይለካል። እ.ኤ.አ. በ2014 ከብዙ ጥናቶች ተሰብስቦ በታተመ ሐተታ፣ የጉልበት ጅማታቸው ከተጠገነላቸው ሰዎች 81 ከመቶው ወደ ማንኛውም ዐይነት ስፖርት ሲመለሱ፣ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የተመለሱት 65 ከመቶ፣ ወደ ውድድር የተመለሱት 55 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ካልተመለሱትም ብዙዎቹን ካስቀሯቸው ነገሮች አንዱ ፍርሃት ነው። በዐሥራ ሁለት ጥያቄዎች ይህንን ፍርሃት የሚመዝን መጠይቅ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። በእኛ ዘንድ የሚበዛው ግን ተቃራኒው፣ ይኸውም ያለ ልክ መድፈር ሳይሆን አይቀርም። ይህ ድፍረት በተለይ የሚያሰጋው ጭንቅላት ሲመታ ነው። ሰኔ 2015 ዓ.ም. የ3,000 ሜትር መሰናክልን በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሴኮንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘው ለሜቻ ግርማ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ ፍጻሜ በመጨረሻው ዙር መሰናክሉ ጠልፎት በጭንቅላቱ ወድቆ በቃሬዛ ሲወጣ፣ ሁላችንም ያየነው ነው። ለአንጎል መናወጥ የተረከዝ ቍጥርም ሆነ የዝላይ ርቀት አይጠቅምም፤ ሐኪሞች መሰላል ሠርተውለታል፤ ከቀላል እርምጃ ጀምሮ ወደ ሩጫ፣ ከሩጫ ወደ መሰናክል፣ በየእርከኑ ቢያንስ 24 ሰዓት እየቈየ የሚወጣ፣ ራስ ምታት ወይም ማዞር ሲባባስ አንድ እርከን የሚወርድ። ለሜቻ በተከታዩ የውድድር ዘመን ነው ወደ መሰናክሉ የተመለሰው።

የቀረው ጥያቄ ፈራጁ ማን ይሁን የሚል ነው። ሯጩ ራሱ ውድድሩ ያስጨንቀዋል፤ በአንድ ጐዳና ሩጫ የሚገኘው ሽልማት የአባቱን ቤት ቆርቆሮ ሊያለብስ የሚችል ሲሆን እንዴት ዝም ብሎ ይቀመጣል? ማናጀሩ ከሽልማቱ ድርሻ አለው። አሠልጣኙም ልጁ ሲያሸንፍ ስሙ ይጠራል። እነዚህን ሁሉ በክፋት አልወቅሳቸውም፤ ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ወገን ያሉ ናቸው። ስለዚህ ልኬቱን የሚይዘው ከውድድሩ ምንም የማይጠቀም ሰው፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጐልመሻ መምህር ወይም ከዩኒቨርሲቲያችን የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች አንዱ ቢሆን ይሻላል፤ ቍጥሩንም ልጁን «እንዴት ነህ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ይጻፍ። ልጁ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ደብተሩ አይዘጋ፤ በየሳምንቱ የሮጠው ኪሎ ሜትር፣ ከ10 የሰጠው የድካም ቍጥር፣ በማግሥቱ ጧት ከአልጋ ሲነሣ ጅማቱ ስንት እርምጃ ያህል እንደ ደረቀበት ይመዝገብ፤ መድረቁ ከሳምንቱ ወደ ሳምንቱ ከጨመረ፣ ኪሎ ሜትሩ ወዲያውኑ ይቀነስ።